ከቀዳማይ ወያነ ገበያ እስከ ጥሕሎ ማዕድ



የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ ከአንድ ዓመት ወዲህ ሐሳቧ ሁሉ ጃፓን ሆኗል። በስልኳ የምታየው የቶኪዮን መንገድ፣ የምታወራው ስለ ሱሺና ስለ ራመን ነው። ሁለት እርሳስ እጇ ከገባማ እንደ ጃፓኖቹ የመመገቢያ ዘንግ ይዛ ከሳህን ላይ ቆሎ ለመልቀም ስትታገል ታመሻለች። «እማዬ፣ አንድ ቀን ቶኪዮ ሄጄ በሁለት እንጨት ሳልበላ አልቀርም!» ትለኛለች። እኔም «መጀመሪያ የአገርሽን ከተማ እዪ፤ ቶኪዮ የትም አይሄድ» እያልሁ አልፋት ነበር። ይህን የምል እኔ ራሴ ግን አዲስ አበባ ተወልጄ፣ አዲስ አበባ ተድሬ፣ ከአዳማና ከሐዋሳ ያለፈ አገር አላየሁም።

በነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም. ልጄን ይዤ ወደ መቀሌ የሄድሁት ታዲያ ለሽርሽር አልነበረም። የልጄ የክርስትና እናት መቀሌ ትኖራለች። ከእርሷ ጋር ዐሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ክፍል ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተያይተን ሠርተናል። ምሳችንን ከአንድ ሳህን በልተናል። ልጄ ስትታመም እኔ ፈቃድ ሳጣ፣ እርሷ በራሷ ፈቃድ ሐኪም ቤት ወስዳልኛለች። በ2010 ዓ.ም. እናቷ ስለ ደከሙ ሥራዋን ለቅቃ ወደ ትውልድ ከተማዋ ተመለሰች። በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ሲጀመር ስልክ ተቋረጠ። በመካከሉ ለጥቂት ወራት ተከፍቶ ድምፅዋን ሰማሁ፤ ከሰኔ 2013 መጨረሻ ወዲህ ግን እንደገና ጠፋ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈርሞ፣ ስልክም ተመልሶ ስደውልላት በመጀመሪያ የሰማሁት እናቷ በነሐሴ 2014 ማረፋቸውን ነው።

ልቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ። አውሮፕላን ከታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ መቀሌ መብረር ስለ ጀመረ መንገድ አልነበረም ብዬ ማመካኘት አልችልም። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ የመሥሪያ ቤት ፈቃድ እያልሁ አንዱን ወር በአንዱ ሳሳብብ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ከዚያ ደግሞ ዕፍረቱ መጣ። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ልቅሶ በዘገየ ቁጥር እግር ይከብዳል። የስልኩም ወሬ ቀስ በቀስ እያጠረ ሄዶ «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ» ብቻ ሆነ። በመጨረሻ የቀድሞ ባልደረቦቻችን ገንዘብ አዋጥተው በፖስታ አሽገው ሲሰጡኝ፣ ሰበብ አለቀብኝና ትኬት ቆረጥሁ።

ከአዲስ አበባ መቀሌ በመኪና 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአውሮፕላን ግን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ሰኞ ነሐሴ 13 ቀን ጠዋት በራስ አሉላ ስም በተጠራው አውሮፕላን ማረፊያ ስንወርድ ደመናው ከብዶ፣ ተራራው ሁሉ አረንጓዴ ለብሶ ነበር። እኔ መቀሌን የማስበው ድንጋይና ፀሐይ ብቻ አድርጌ ነው። ክረምት መሆኑን ዘነጋሁት።

ነጠላዬን ለኀዘን እንደሚለበሰው አዘቅዝቄ ለብሼ ነበር። ወዳጄ ከበሩ ላይ ቆማ ስትጠብቀን አየኋት፤ ጠጕሯ ሸብቷል፣ ከስታለች። አቀፈችኝ፣ ልጄን አገላብጣ ሳመች፤ ቀጥሎም አንድ ቃል ሳትናገር ነጠላዬን ከትከሻዬ አንሥታ አቅንታ መልሳ አለበሰችኝ። ይቅር ማለቷ ይሁን፣ «ጊዜው አልፎብሻል» ማለቷ ይሁን አላወቅሁም። እንባዬ መጥቶ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እርሷ ግን ቀድማ ሻንጣችንን ይዛ «እንቋዕ ደሓን መጻእኽን» ብላ ወደ ባጃጁ ወሰደችን።

ወደ ከተማው ስንወርድ እንዳ ኢየሱስ የተባለውን ኮረብታ አሳየችን። ዛሬ ላዩ ላይ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ። በ1888 ዓ.ም. የጣልያን ጦር መሽጎበት የነበረው ምሽግ በዚሁ ቦታ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱ ወደ ምሽጉ የሚወሰደውን የምንጭ ውኃ በማስያዛቸው ወታደሩ በውኃ ጥም ተሸንፎ ለቅቆ መውጣቱን በትምህርት ቤት ተምረናል። ልጄ ይህን ስትሰማ «ውኃ የሚቀዳ ሰው ነዋ ያሰበው» አለች። ማድቤት ገብታ የምታውቅ ሴት እንጂ ጄኔራል ይህን አያስበውም ለማለት ይመስለኛል። ወዳጄ በመንገዱ ዳር የተደረደሩትን ቢጫ ጀሪካኖች እያሳየች «መቀሌ ውስጥ ዛሬም ጦርነቱ የውኃ ነው» ብላ ሳቀች። ከመጣን የሳቀችው የመጀመሪያው ሳቅ ነው።

የመቀሌ ቤት የድንጋይ ቤት ነው። ጠራቢው ድንጋዩን እንደ ዳቦ እኩል ቆርጦ ይደረድረዋል፤ አጥሩ፣ ደረጃው፣ የመንገዱ ንጣፍ ሁሉ ድንጋይ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ ያሠሩት ቤተ መንግሥትም ከዚሁ ድንጋይ የተሠራ ሲሆን፣ ሥራውን የመራው ናሬቲ የሚባል ጣልያናዊ የእጅ ባለሙያ ነበር። እኛ ከውጭ ቆመን አይተነው አለፍን። ከተማዋ ለእግረኛ የተመቸች ናት፤ ብስክሌት የሚጋልብ ወጣት ይበዛል። በሮማናት አደባባይ አጠገብ ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ ተቀምጠን ማኪያቶ ስንጠጣ፣ በጾሙ ምክንያት የእኔ ያለ ወተት ቀረበልኝና ያው ጥቁር ቡና ሆነ።

አዎን፣ ጾሙ! የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር የደረስነው። ልጄ ስለ ትግራይ ምግብ ያነበበችውን ሁሉ ልትቀምስ ጓጉታ ስለነበር ፊቷ ወደቀ። እኔ ግን በኋላ ሳስበው ደግ ሆነ እላለሁ። የአንድ ቤት ጓዳ በጾም ጊዜ ነው የሚታወቀው። ማታ የቀረበልን ሽሮ በድልህ የተሠራ ነበር። ድልህ የእኛም ቤት ቃል ነው፤ ነገር ግን የእነርሱ በርበሬው ከሽንኩርቱ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከቅመሙ ጋር ተዋሕዶ እርጥቡን የሚቀመጥ በመሆኑ፣ ሠራተኛ ሴት ማታ ከሥራ ገብታ በአሥር ደቂቃ ወጥ ልትሠራበት ትችላለች። እኔም አንድ ማሰሮ ይዤ ተመልሻለሁ። ከሽሮው ጋር የመጣው ሕምባሻ ደግሞ ላዩ እንደ ጋሪ ጎማ ተሠንጥቆ የተጌጠ፣ ኮረሪማ የሸተተ ክብ የስንዴ ዳቦ ነው። ከሦስተኛው ቡና ጋር ሁለተኛ ቁራሽ በልተን ተኛን።

ስለ እናቷ ግን አንድም ቃል አልተነሣም። ፖስታውን ስሰጣት ተቀብላ ትራሷ ሥር አስቀመጠችው፤ «እግዜር ይስጥልን» አለች፤ ሌላ ምንም። የሟቿ ፎቶግራፍ ከበሩ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ከሥሩ ተቀምጬ ስለ ኑሮ ውድነት ሳወራ ያመሸሁት እኔ ራሴን ምን ያህል እንደታዘብሁ ምን እላችኋለሁ!

በማግሥቱ ጠዋት «ቅዳሜ ድረስ ብንቆይ ገበያውን እናይ ነበር» አልኋት። «የቱን ገበያ?» አለች። «ቀዳማይ የሚባለውን ነዋ፣ የቅዳሜውን!» ስላት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀችብኝ። ለካስ ቀዳማይ ማለት በትግርኛ «የመጀመሪያ» ማለት ነው፤ ሰፈሩም ገበያውም ስሙን ያገኘው በ1935 ዓ.ም. ከተነሣው ቀዳማይ ወያነ ከሚባለው ዐመፅ ነው። ዋናው የገበያ ቀን ሰኑይ ማለትም ሰኞ ሲሆን፣ እርሱም እኛ የደረስንበት ዕለት ነበርና አልፎናል። ነገር ግን ቀዳማይ ወያነ በየቀኑ ገበያ ነው። «ደግሞም የምንገዛው አለን» ብላ ነጠላዋን አነሣች፤ ፖስታውንም ከትራሷ ሥር አውጥታ በጉያዋ አደረገችው።

ገበያው ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ሰው በአፍንጫው ነው የሚመራው። በርበሬው፣ ዕጣኑ፣ ቅቤው፣ አዲስ የተፈተለው ጥጥና የዘነበበት መሬት አንድ ላይ ይሸታል። እህል በረድፉ፣ ጫማና ልብስ በረድፉ፣ ሸክላ በረድፉ ነው። ማር ሻጯ ነጩን የትግራይ ማር በጣቷ ጫፍ አውጥታ «ሓፍተይ፣ ጥዓሚ» ብላ ዘረጋችልኝ፤ ቅመሺ ማለቷ ነው። ነጭነቱ እንደ ቅቤ ሆኖ ሲቀልጥ ግን ቀጭን ጣፋጭ ነው። ዋጋውን ስትነግረኝ በትግርኛ ቍጥር ግራ ስጋባ፣ ከጎኗ የነበሩት ሴቶች ተባብረው በጣታቸው ቈጠሩልኝ። እንግዳ መሆኔን ዐውቆ ዋጋ የጨመረብኝ የለም ብዬ እምላለሁ ልል ነበር፤ ቲማቲም ሻጩ ልጅ ግን ጨምሮብኛል። ወዳጄ ተመልሳ ሄዳ አስቈርጣዋለች።

ጨው የሚሸጥበት ዘንድ ስንደርስ ልጄ ቆመች። እርሷ የምታውቀው ጨው በላስቲክ የታሸገውን ነው። እዚህ ግን እንደ ጡብ የተጠረበ አሞሌ ተደርድሯል። በአፋር ዝቅተኛ በረሓ ውስጥ ከመሬት ላይ እየተፈለጠ፣ እየተጠረበ የሚወጣ ነው። አባቶቻችን እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት የነበረው ይኸው ነው። ለብዙ ዘመን በግመል ቅፍለት ተጭኖ እስከ መቀሌ ይመጣ ነበር፤ መንገድ ከተሠራ ወዲህ መኪናው የግመሉን ሥራ ወስዶበታል። ልጄ አንዱን አንሥታ «እማዬ፣ ይህ ደመወዝ ነው ማለት ነው?» ስትለኝ ሻጩ በአማርኛ «ልጄ፣ ዛሬ እሱም ይሻላል» አላት።

በለስ ሻጮቹ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። በለስ መሠረቱ ሜክሲኮ ነው ይባላል እንጂ በትግራይ ክረምት ያለ እርሱ አይታሰብም። እሾሁ ጥቃቅንና የማይታይ ስለሆነ በእጅ ልንይዝ ስንል ጮኹብን። ሻጯ ሁለቱን ጫፍ ቆርጣ፣ ወገቡን በቢላዋ ሠንጥቃ፣ ልጣጩን እንደ ካፖርት ገልጣ ውስጡን ትሰጣለች፤ የገዢው ሥራ ማንሣት ብቻ ነው። ቀዝቃዛና ጣፋጭ ስለሆነ ልጄ ዐሥራ አንድ በላች። እናቶች ሆይ፣ ከፍሬው ብዛት የተነሣ ሆድ እንደሚያደርቅ አስቀድማችሁ ዕወቁ፤ እኛ ያወቅነው ማታ ነው።

ወዳጄ ግን ስትፈልግ የነበረው ሌላ ነው። ከሦስት ሻጭ ዘንድ ቆንጥራ ቀምሳ ከአራተኛዋ ገዛች፤ ተፈትጎና ተቆልቶ የተፈጨ የገብስ ዱቄት ነው። ብዛቱን አይቼ «ለማን ነው ይህ ሁሉ?» ብላት፣ ገንዘቡን ከፖስታው እየቈጠረች «ለእናቴ» አለችኝ። በዚያው በሰው ግፊያ መካከል ቆማ ነገረችኝ። እናቷ ሲያርፉ ባንክ ተዘግቷል፤ ያጠራቀመችው ገንዘብ በስሟ አለ፣ ማውጣት ግን አትችልም። መድኃኒት ጠፍቶ እንደነበር፣ ጎረቤት ከየቤቱ አንድ አንድ ጣሳ እህል አምጥቶ ቀባሪው እንደ ተስተናገደ፣ በአርባውም በሙት ዓመቱም የሰው አፍ የሚያስከፍት ማዕድ እንዳልቀረበ ነገረችኝ። «አሁን ሁለት ዓመቷ ነው። ጾሙም ሐሙስ ይፈታል። በእናንተ ገንዘብ ጎረቤቶቼን አበላለሁ» አለች። ባልደረቦቻችን ያን ገንዘብ ሲያዋጡ «ለቡና መግዣ» ብለው ነበር።

ሐሙስ ነሐሴ 16 ቀን ሌሊቱን ቅዳሴ አድረን ስንመለስ ሥራ ተጀመረ። በመንገዱ ላይ የአሸንዳ ልጃገረዶች ጥልፍ ለብሰው፣ ጠጕራቸውን ተሠርተው፣ ዐይናቸውን ተኵለው፣ ረጃጅሙን የአሸንዳ ሣር በወገባቸው አሥረው ከበሮ ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ። ልጄ ከጎረቤት ልጆች ጋር ተቀላቅላ ሄደች፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ በተውሶ ቀሚስ ተመለሰች።

ጥሕሎ ለማታውቁት አንባብያን ላስረዳ። ምግቡ ከምሥራቅ ትግራይ፣ ከዓዲግራት አካባቢ የመጣ ነው። የተቆላው የገብስ ዱቄት በውኃና በጥቂት ጨው ጠንከር ተደርጎ ይታሻል። እሳት አይነካውም፤ ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቷልና። ከዚያም በሁለት መዳፍ መካከል እየተድበለበለ ትንሽ ድቡልቡል ይሆናል። ወጡ ለብቻው በሽንኩርት፣ በበርበሬና በቅቤ የተቁላላ፣ ቀጠን ያለ የሥጋ ወጥ ነው፤ በጎድጓዳ ሳህን መሶቡ መካከል ይቀመጣል፣ ድቡልቡሎቹም በዙሪያው ይደረደራሉ። ተመጋቢው ባለሁለት ጥርስ ቀጭን እንጨት ይሰጠዋል፤ አንዱን ወግቶ፣ ወጡ ውስጥ ነክሮ፣ በአንድ ጊዜ ወደ አፉ ያደርጋል። ሊጡ ቶሎ ስለሚደርቅ አድበልባዩዋ ሴት ሰው እየበላ እርሷ ማድበልበሏን አታቋርጥም። ይህ ነገር ለሠሪዋ ድካም ነው፤ ባለቤቷ ከሁሉ በኋላ ነው የምትበላው። ለዚህ ነው እኔም እጄን ታጥቤ ከጎኗ የተቀመጥሁት።

ሃያ ያህል ጎረቤት መጥቷል። ወዳጄ ዐይኗን ከእጇ ሳታነሣ በቀስታ ተናገረች። «ስልክ ከተከፈተ ጀምሮ በየቀኑ እጠብቅሽ ነበር። አውሮፕላን ሲያልፍ እንኳ ቀና እል ነበር። እናቴ ልትሞት ሳምንት ሲቀራት ‹ያች የአዲስ አበባዋ ልጅሽ አደገች?› ብላኛለች። እኔ ምን ልመልስ? ማደጓን አላውቅም።» ትንሽ ዝም ብላ «የጦርነቱን ጊዜ አልቈጥርብሽም። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ቈጥሬዋለሁ» አለች።

መልስ አልነበረኝም። «አጥፍቻለሁ» ብቻ አልኋት። ሁለት ዓመት ጉሮሮዬ ላይ የቆመው እንባ ያን ጊዜ ወረደ፤ እጄ ሊጥ ስለነበር መጥረግ አልቻልሁም። እርሷም አለቀሰች። ከጎናችን የነበሩት አሮጊት ዐይተው አላዩም፤ ወዲያው ድስቱን ለማማሰል ተነሡ። በመጨረሻ ወዳጄ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «አድበልብዪ፣ ሊጡ ደረቀ» አለችኝ። ያድበለበልሁትን አይታም «ይህ ጥሕሎ ነው ወይስ ድንች?» አለች። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁብኝ።

ልጄ ባለሁለት ጥርሱን እንጨት ስትቀበል ፊቷ በራ። የመጀመሪያው ወጡ ውስጥ ጠፋባት፣ ሁለተኛው ቀሚሷ ላይ ወደቀ፣ ሦስተኛው ገባ። «እማዬ፣ በቃ ቶኪዮ ደረስሁ!» ብላ ጮኸች። ጎረቤቶቹ ምን እንዳለች ሲጠይቁ፣ ጃፓኖች በሁለት እንጨት እንደሚበሉ፣ በበጋም የተቆላ ገብስ አፍልተው፣ አቀዝቅዘው እንደ ሻይ እንደሚጠጡ አስረዳቻቸው። አንዲት እናት «ገብሱን ከኛ ወስደው ይሆናላ» አሉና ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ጥሕሎው አፍ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የበሶ ጣዕም፣ ቀጥሎ የበርበሬው ትኵሳት ነው፤ ከባድ ስለሆነ ጥቂቱ ያጠግባል። እኔ ዐሥራ ሁለት በላሁ። ከስዋው ግን አንድ ዋንጫ በቅቶኛል።

ቅዳሜ ልንመለስ ስንል ወዳጄ አንድ ጥቅል ባለሁለት ጥርስ እንጨት፣ የገብስ ዱቄትና አንድ ቁራጭ አሞሌ ጨው ለልጄ አሰረችላት። ለእኔ ድልሁን ሰጠችኝ፤ ፎቶግራፉ ሥር ቆማም ነጠላዬን እንደገና አስተካከለችልኝ።

ባለፈው እሑድ ልጄ ቤታችን ውስጥ ጥሕሎ ልትሠራ ተነሣች። ሊጡ እጇ ላይ ተጣበቀ፤ ወንድሟ ሳቀባት። ስልኳን ማሰሮው ላይ አስደግፋ መቀሌ ደወለችና ሊጡን ለክርስትና እናቷ አሳየቻት።

«ውኃ አብዝተሻል» አለች ወዳጄ ከወዲያ። «ዱቄት ጨምሪ። እናትሽ የት አለች? እስቲ እሷንም አሳይኝ።»